ወፈረች ብለን

ቱጂ፣ ስሪጂ፣ ፎርጂ እያሉ ልጆች ሲከራከሩ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔ ትዝ የምትለኝ እህቴ ናት።

እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ የሄደችው በቱጂ ጊዜ ነው። ያኔ ስልክ ማለት ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም ከተገኘ! አቃቂ ያለው የእናታችን ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለማይገባ እማዬ ስልኳን ይዛ ደጅ ትወጣና ሰፈሩ እስኪሰማ ትጮኻለች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ እማዬ።»

አለቀ። ደህና ነኝ ካለች ደህና ናት፤ ሌላ በምን እናውቃለን?

ስሪጂ ሲመጣ ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ ገዛሁ። መጀመሪያ ያየናት ቀን እማዬ ስልኩን ሳመችው። ምስሉ ከመደብዘዙ የተነሳ አፍንጫዋና አፏ አይለዩም፤ ፊቷ ግን ክብ ብሎ ሞልቷል። ስትሄድ አጥንቷ የሚቆጠር ልጅ ነበረች እኮ!

«እሰይ! ወፈረች! ተመቻት ልጄን!» አለች እማዬ።

ጎረቤቱም እየገባ አየና «ውይ፣ ድንቡሽቡሽ ብላለች!» አለ። እህቴ ዝም ብላ ትስቃለች። በወሩ እማዬ «ስለቴ ሰመረ» ብላ ሳሪስ አቦ ጃንጥላ አስገባች፤ እልል ተባለላት። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

ፎርጂ መሀል ከተማውን አዳርሶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ቆየ። መቼም ዳር ነን፤ ቶሎ የሚደርሰን የፋብሪካ ሽታ ብቻ ነው። የደረሰን ሰሞን፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን ደወልንላት። አቤት ጥራት! ከጀርባዋ የተሰቀለው ጭልፋ ሳይቀር ይታያል። እማዬ ግን ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። የእህቴ የዓይን ቆብ አብጦ ዓይኗን ሊደፍነው ምንም አልቀረው፤ ቆዳዋ ተወጥሮ ያብረቀርቃል።

«እግርሽን አሳዪኝ» አለቻት።

«ኧረ ተዪኝ እማዬ፤ ወፍሬ ነው።»

«አሳዪኝ አልኩሽ!»

እማዬ አባታችንን በኩላሊት እስኪሞት ድረስ ያስታመመች ሴት ናት። ያበጠ እግሩን በጣቷ ተጭና፣ የጎደጎደው አልመለስ ሲላት ፊቷን አዙራ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

እህቴ ስልኩን ወደ እግሯ አዞረችው።

«በጣትሽ ጫን አድርጊና ልቀቂው» አለቻት እማዬ።

ጫን አደረገችና ለቀቀችው። ጣቷ ያረፈበት ቦታ እንደጎደጎደ ቀረ። ኔትወርኩ ነው፣ ምስሉ ቆሞ ነው አልኩ በሆዴ። አምላኬን ለመንኩት፣ ምስሉ ቆሞ እንዲሆን።

የእግሯ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ።