አልፈታ ያለኝ ፊልትሮ

ሲቀላ ሰፈር ያለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሳሙና ይዤ ሄድኩ። "አጣቢ ይፈለጋል" ሲሉኝ የሠራተኞቹን ቱታ የማጥብ መስሎኝ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ደምሴ ሳሙናውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣ "ደግ ነው፣ ማታ እጅሽን ትታጠቢበታለሽ" አሉኝ። ከዚያ ናፍታ ያለበት ግማሽ በርሜል ፊት አስቀመጡኝ። የማጥበው የሞተር ዕቃ ነበር።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የልጆች እናት ነኝ፣ ፈሪም ነኝ። ብሎኖቹን አጥቤ እንደ መጠናቸው እደረድራለሁ። ደርድሬም አላምንም፣ እንደገና እቆጥራለሁ። መካኒኮቹ "ወይዘሮ ቆጠራ" የሚል ስም አወጡልኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር፤ አዲስ መኪና ብርቅ ነው። ከጫኖ እርሻዎች ሙዝ የሚጭኑት አይሱዙዎች ሁሉ ያረጁ ስለነበሩ ጋራዡ ሥራ አጥቶ አያውቅም።

ባለቤቴ ጳውሎስ ጫኖ የመስኖ ውሃ ያከፋፍላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እሱ ሥራዬን አልጠላውም። የጠሉት ተራራው ላይ ኦቾሎ ያሉት እናቱ ናቸው። ሴት ከወንዶች መሀል መኪና ሥር ስትጋደም አይወዱም። "አንድ ነውር ብሰማ ሽማግሌ ልኬ አስተዋታለሁ" ብለው ነበር። እኔ ደግሞ ሞተር መውደድ ጀምሬያለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ፣ "የዚህን አይሱዙ የናፍታ ፊልትሮ ፍቺ። ከፈታሽው ከበርሜሉ ተነስተሽ ሞተር ላይ ትገቢያለሽ" አሉኝ። ፊልትሮው፣ ናፍታ የሚያጣራው ቆርቆሮ፣ በዝገት ከመቀመጫው ጋር አንድ አካል ሆኗል።

መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። እሳት ቢነሳ ብዬ አሸዋ በባልዲ አቀረብኩ፤ ሌላ ባልዲም ጨመርኩ። ሹፌሩን ሲጋራውን አስጥዬ ክብሪቱን ቀማሁት። ጋሽ ደምሴ ባልዲዎቹን አይተው፣ "ፊልትሮ ልትፈቺ ነው ወይስ ቤት ልትሠሪ?" አሉ።

በእጄ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አላለም። መጋጠሚያው ዙሪያ የፍሬን ዘይት አንጠብጥቤ አሳደርኩት። በማግስቱ አሮጌ ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ጠምጥሜበት ስስብ ቺንጋው ተበጠሰ፤ በገዛ እጄ አፍንጫዬን መታሁ። በመጨረሻ ሆዱን በካቻቪቴ ወጋሁትና ካቻቪቴውን እንደ እጀታ ይዤ ላዞረው ስል ቆርቆሮው ተቀደደ። ናፍታው በአንገቴ ገባ።

ጋሽ ደምሴ ማዶ ሌላ መኪና ሥር ሆነው ጮክ ብለው ጠየቁኝ።

"እንዴት ሆነልሽ?"

"አልፈታ አለኝ፣ ጋሼ።"

"መትተሽዋል?"

"መትቼዋለሁ። ወግቼዋለሁም። ሆዱ ተቀዷል።"

"ታዲያ ምን ቀረው?"

"ጥርሱን ነክሶ ይዞኛል።"

"ነገ እኔ አስፈታልሻለሁ። እንቢ ካለ እንቆርጠዋለን።"

ከአጥሩ ውጭ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ የአማቴ ጎረቤት። የሰማችውን ይዛ በዚያው ቀን ኦቾሎ ወጣች። ወሬው አማቴ ዘንድ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ባሌን ፍታኝ ብዬው እንቢ ስላለ ሆዱን ወግቼዋለሁ፤ ነገ ደግሞ አለቃዬ ሊጨምርበት ነው። ጳውሎስ ጫኖ ስለነበር ደህና መሆኑን የሚመሰክርለት አልተገኘም። አማቴ ሽማግሌ ሰብስበው እሱንም በሌሊት ከጫኖ አስጠሩት፤ ቁስል ባይገኝበትም የፍቺውን ወሬ አመኑ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሥር ተጋድሜ ቆርቆሮው ተነቅሎ የቀረውን የፊልትሮ ቀለበት በስካርፔሎና በመዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ወደ መፍቻው አቅጣጫ እነካካለሁ። መኪናውን እግሮች ከበቡት። ከእግሮቹ አጠገብ እርጥብ ሳር ተንጠልጥሎ አየሁ። በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከቆመ ነገርህን ታቆማለህ፤ ሳሩን ጥሶ ማለፍ ነውር ነው። ከእግሮቹ መሀል የጳውሎስን ኮንጎ ጫማ ለየሁ። በቃ፣ ሥራ ሊያስተዉኝ መጡ አልኩ። ቢያንስ ሳልፈታው አልወጣም ብዬ ወሰንኩ።

"ልጄ፣ ውጪና እንነጋገር" አሉ የባለቤቴ አጎት አቶ ሻንቆ።

"ጥቂት ታገሡኝ፣ አባባ። ሊፈታ ነው።"

"አይፈታም። እኛ እያለን አይፈታም።"

"ዛሬ ካልፈታሁት ጋሽ ደምሴ ሊቆርጡት ነው።"

ኮንጎዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። "ምን በደልኩሽ?" አለ ጳውሎስ።

"አንተን ማን ተናገረህ?" ብዬ አንዴ ደግሜ መታሁ። ቀለበቱ ዞረ። "ተፈታ" ብዬ ጮህኩ።

አንደኛው ሽማግሌ "እንግዲህ አለቀ" ሲሉ ሰማሁ።

ናፍታ እየተንጠባጠበብኝ፣ የዛገውን ቀለበት ይዤ በሆዴ እየተሳብኩ ወጣሁ። ነገሩ መጀመሪያ የገባቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ አሸዋው ባልዲ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ ከዚያ ለሽማግሌዎቹ አስረዱ። ጳውሎስ ቀለበቱን ተቀብሎ አገላበጠው።

"የወጋሽው ይሄን ነው?"

"ይሄን ነው።"

አቶ ሻንቆ አልሳቁም። "ሳር ይዘን ወርደን ባዶ እጃችንን አንመለስም" አሉ። "ኦቾሎ ስንገባ ምን አስታረቅን እንበል?"

ጳውሎስ ቀለበቱን እያየ፣ "እናቴን ከሥራዋ ጋር አስታርቁልኝ" አለ።

ሽማግሌዎቹ አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀመጡ። አቶ ሻንቆ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረው፣ "መኪናው ሥር ስትገባ ብቻዋን ናት?" ብለው ጠየቁ።

"ለሁለት ሰው ቦታ የለውም፣ አባባ።"

አቶ ሻንቆ ጎንበስ ብለው መኪናው ሥር አዩ። ቀና ሲሉ፣ "እውነት ነው፣ ለአንድም ይጠባል። ትሥራ" አሉና መረቁን። አማቴ ሽማግሌ የጨረሰውን አያፈርሱም፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ አልተናገሩም። ስለ ልብሴ ሽታ ግን ይናገራሉ።

መቀመጫው ላይ የቀረውን አሮጌ የማሸጊያ ጎማ ልጬ አነሳሁ፣ አዲሱን ፊልትሮ አሰርኩ፣ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጣሁ። ሞተሩ ተነሳ። እኔም ከበርሜሉ ተነሳሁ።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ናፍታ ቀብታችሁ በእጅ ብቻ አጥብቁት። መኪና ሥር ሆናችሁ ስትነጋገሩ ደግሞ የምትፈቱትን ዕቃ በስሙ ጥሩት።