የአራሷ ፕሪንተር

ፊደል የቆጠርኩት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ለዚህ ይሆናል፣ ያልገባኝን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ሸጎሌ ያለው ዕድራችን ጸሐፊ አድርጎ ሲመርጠኝ መጀመሪያ ያየሁት ኮምፒውተሩን ነበር። የተጫነበት ፕሮግራም ተሰርቆ የተቀዳ ነው፤ በዚያ ላይ ቫይረስ ገብቶበት የአባላቱን ስም ይበላል። አጠፋሁትና ማንም ወስዶ የሚያባዛውን፣ ውስጡን ገልጦ የሚያስተካክለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫንኩበት።

ሊቀመንበራችን አልወደዱትም። ባለቤት የሌለው ነገር ሲበላሽ ማንን እንጠይቃለን አሉ።

«አባባ፣ ድንኳናችን የማን ነው?» አልኳቸው።

«የሁላችን ነዋ።»

«ሲቀደድስ?»

«ያየ ሰው ይሰፋዋል።»

«ይሄም እንደዚያው ነው።»

በራሴ ኮራሁ። ኩራቴ የቆየው ግን ፕሪንተሩን እስክነካው ነው። ወረቀቱን ይውጥና ባዶውን ይተፋዋል። ሊቀመንበሩም ለጠቅላላ ስብሰባ የሚታደለው ደንብ እስከ እሑድ ካልታተመ የድሮው ፕሮግራም እንደሚመለስ ቁርጡን ነገሩኝ። ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ክፍል የጻፈችው ባሕር ማዶ ያለች ሴት ናት፤ ያለ ደሞዝ፣ በትርፍ ጊዜዋ። ጻፍኩላት። ዝም። ደግሜ ጻፍኩላት። አሁንም ዝም።

እሑድ ባዶ እጄን ስብሰባ ገብቼ እንደተቀመጥኩ መልሷ ስልኬ ላይ ደረሰ። የዘገየችው ወልዳ ነው። ጥፋቱ ያለበትን መስመር ጠቁማኝ፣ ራሴ እንዳስተካክለው ጽፋለች። ተነስቼ ለቤቱ ተረጎምኩት።

ገንዘብ ያዣችን፣ በርበሬ ነጋዴዋ፣ አፈጠጡብኝ። «አንቺ! አራስ ነው እንዴ ስትነዘንዢ የከረምሽው?»

ከዚያ ወዲያ ስብሰባው ቀረ። ምን ወለደች፣ ማን ያርሳታል፣ ገንፎስ ያውቃሉ ወይ... አንዱ ከኋላ፣ ለመሆኑ አባል ናት ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድንኳናችንን ስትሰፋ ኖራ የለ? በደንባችን አራስ በሥራ አትጠየቅም። ፕሮግራሙ ይቆይ።»

ሳቄን መዋጥ አቃተኝ። እዚያው ኮምፒውተሩን ከፍቼ ያለችኝን መስመር ቀየርኩ፤ ደጋግሜም አነበብኩት። ደንቡን ላትም ስል ሴቶቹ መጀመሪያ ለአራሷ የምንልከው ይውጣ ብለው ያዙኝ። ፕሪንተሩ አጉረመረመ፣ ወረቀቱን ዋጠ፣ ከዚያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ጥቁር ጽሑፍ ይዞ ወጣ። እልል ተባለ።

ፎቶ አንስቼ ልልክላት ስል ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ነጠቁኝ። የዕድሩ ማኅተም ሳይመታበት የትም አይሄድም አሉ።