ውርጭ ያሸነፈበት ክፍል

ማተሚያ ቤት የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ወረቀት ማጠፍ ብቻ ነበር። ያኔ ዋና ጠራዥ የነበሩት ሴትዮ አንድ ክምር ፊቴ ቆለሉና፣ "ጠርዝና ጠርዙ ካልገጠመ ድገሚው። ጣትሽን በምራቅ ካረጠብሽ ደግሞ ወደ ቤትሽ" አሉኝ። ማታ ቤቴ ስገባ አውራ ጣቴ የራሴ አልመስል አለኝ።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ባሌ ሲሞት ልጄን ትዕግሥትን አዝዬ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ለጥረዛ ቁጥር መለየትና የእጅ ንጽሕና ይበቃል። መጀመሪያ ረዳት ሆንኩ፣ ቀጥሎ ጠራዥ፣ ሴትዮዋ ጡረታ ሲወጡ ዋና ጠራዥ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ግዛቸው ሰው ላይ አይጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። በር ላይ ይቆሙና መፋቂያቸውን ካንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ያዞራሉ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል። የበግ ቆዳ ኮፍያቸው አንደኛው የጆሮ መሸፈኛ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ነው። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። በሩ ሲንኳኳ ሁሉ የተባረርኩ ይመስለኛል።

ሥራ የሚያዩበት መንገድ አንድ ነው። ከተጠረዘው ክምር አንዱን መዘዝ ያደርጉና መሃሉን ይገልጣሉ። ገጾቹ የተሰፉባቸው ሁለት ሽቦዎች እጥፉ ላይ ቀጥ ብለው ከተኙ፣ ሌላውን ገጽ ሳያዩ ይመልሱታል።

ትዕግሥት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔው ዘንድ ቁጭ ብላ ሥዕል ትሥላለች። አንድ ቀን ጋሼ ግዛቸው ከትከሻዋ በላይ አጮልቀው አዩና፣ "ከሠርግ ጥሪ የሚተርፍ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ በሱ እናትምልሽ" አሏት። እኔ መሬቱን ልስም ምንም አልቀረኝ።

አምስት ክፍል ያለው የሥዕል ታሪክ ጀመረች። ጉሚት የምትባል ልጃገረድ በአንኮበር ገደል ጉም ላይ እንደ ሜዳ ትራመዳለች። ጠላቷ አቶ ውርጭ ነው፤ የገበሬውን ባቄላ በአንድ እስትንፋስ የሚያቃጥል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ልጆች ፊቱን ለማየት ነፍሳቸው ወጣች።

ሦስተኛው ክፍል ከመታተሙ በፊት ለእርማት የወጣውን ናሙና አላየሁትም። የልጄ ነው፤ ምን አያለሁ ብዬ።

የታተመው መጣልኝና መሃለኛውን ቅጠል አነሣሁ። ሁለቱን ገጽ የያዘ አንድ ትልቅ ሥዕል ነው። ጉሙ በረዶ ሆኖ ጉሚት እስከ ወገቧ ተቀርቅራለች። አቶ ውርጭ ከላይ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ኮፍያው አንደኛው ጆሮ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። አፉ ውስጥ የበረዶ መፋቂያ።

ሰውየው ወረቀት ሰጥተው፣ ቀለም ሰጥተው፣ ልጄ የከፈለቻቸው ይህን! ሥራዬ አበቃ፤ የቤት ኪራዩም የልጄም ትምህርት አብሮ አበቃ አልኩ።

ሁሉን እንዳልነበረ ላደርገው አልችል፤ ታትሟል። ቶሎ ቶሎ እየሰፋሁ ክምሩን በጀርባው ገለበጥኩት። ምን ዋጋ አለው? ጋሼ ግዛቸው መጡ፣ ከክምሩ አንዱን መዘዙ፣ መሃሉን ገለጡት።

ሽቦውን አላዩም። መፋቂያቸው ቆመ።

ማሽኒስቱ ታደለ መጥቶ አንገቱን አሰገገ። እሱ መቼም አፉ አያርፍም። "ጋሼ፣ ይሄ መፋቂያ ጥርስ አይቆረጥምም?" አለ።

"ሂድ ማሽንህን ጠብቅ" አሉት። ወደ እኔ ዞሩ። "ዘነበች፣ ይሄ ማነው?"

"ው... ውርጭ ነው ጋሼ።"

"ልጅሽን ጥሪያት።"

ደወልኩላት። እስክትደርስ ድረስ ድንጋይ ተሸክመን ይቅርታ ስንጠይቅ ይታየኝ ነበር። ከበሩ ላይ ያዝኳትና፣ "እግራቸው ላይ ውደቂ" አልኳት በሹክሹክታ።

"እማዬ፣ ተይ እንጂ" ብላ አለፈችኝ።

ጋሼ ግዛቸው ሥዕሉን ፊቷ ዘረጉት። "ይህን ሰውዬ ከየት አመጣሽው?"

"ከዚሁ ነው ጋሼ።"

እኔ ግድግዳውን ያዝኩ።

"ምን በደልኩሽና?"

"ምንም። እርስዎ ሲገቡ ማንም ሳይናገር ሁሉም ይቀዘቅዛል። የሚጮህ ክፉ ሰው ልሥል ሞክሬ ነበር፤ አላስፈራኝም። ዝም የሚል ሳስብ እርስዎ መጡብኝ።"

ታደለ ማሽኑን አጠፋው፤ ለመስማት ነው። ጋሼ ግዛቸው ሥዕሉን አራቁት፣ አቀረቡት።

"እዚህ ላይ ግን አሸንፌያለሁ አይደል?"

"እዚህ ላይ አዎ።"

"መጨረሻውስ?"

ልጄ አየችኝ። አሸነፉ በያቸው፣ ምን ቸገረሽ እያልኩ በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን፣ "በአምስተኛው ፀሐይ ይወጣል፤ ይቀልጣሉ" አለች።

"ሙሉ በሙሉ?"

"ኮፍያው ይቀራል።"

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያመማቸው መሰለኝ። ለካ ሳቅ ነው። በዚያ ቤት ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። "ሚስቴ ስንት ዘመን ውርጭ ስትለኝ ኖራለች" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ "አንዱን ለሷ እወስዳለሁ። ግን አንቺ ልጅ፣ ወደ ላይ የሚቆመው የግራ ጆሮ ነው፤ የቀኙን አቁመሽዋል። በአራተኛው አስተካክዪ።"

መጽሐፉን ካቦርታቸው ኪስ ከተው ወጡ። እኔ የወረቀት እስሩ ላይ ተቀመጥኩ። ታደለ ውኃ አመጣልኝ፤ "እትዬ ዘነበች፣ እኔንም አንድ ክፉ ሰው አድርጋ ታስገባኝ" ይላል። ከደረቴ ላይ ወፍጮ የተነሣልኝ ያህል ተነፈስኩ። ልጄን ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ እኔም ሳቅሁ።

የቀረውን እሷ እያጠፈች እኔ እየሰፋሁ ጨረስን። አራተኛውም አምስተኛውም ታተመ። አቶ ውርጭ ቀለጠ፤ ጋሼ ግዛቸውም መሃሉን ገልጠው ሽቦውን አዩና መለሱት።

አዲስ ወደ ጥረዛ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ናሙናውን ሳይታተም ገልጣችሁ እዩ፤ የገዛ ልጃችሁ ሥራ ቢሆንም እዩ። ሰውም ምን እንደሚል ሳትሰሙ ፍርዱን አትጨርሱለት። አለቃን ስለ መፍራት ግን የምመክረው የለኝም። ጋሼ ግዛቸው ሲገቡ እኔ ዛሬም ዝም እላለሁ።