ፍሬ የማያፈሩት ጥዶች

አባቴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ክፉ ሰው አለመሆኑ ደግሞ ይብስብኛል፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር።

ከብልባላ ወዲያ፣ ከገደሉ ሥር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ወይራ በተቀላቀለበት የጥድ ደን የተከበበች ነበረች። የደኑ ጠባቂ አባቴ ነበር። መሬት የመንግሥት ከሆነ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለመሰብሰቢያ አዳራሽና ለእህል መጋዘን እንጨት ያስፈልጋል ብሎ ደኑን እንዳለ ሊያስጨፈጭፍ መጣ። አባቴ እግሩ ላይ ወደቀ። «እኔ ልምረጥላችሁ። ተመርጦ ከተቆረጠ ደኑ ተመልሶ ይመጣል» አለ። ሊቀመንበሩ እሺ አለ፤ እንጨቱ ይቅረብለት እንጂ የትኛው ዛፍ ይውደቅ ደንታው አልነበረም።

በእኛ ሰፈር ፍሬ የማያፈራውን ጥድ መካን ይሉታል። በየዓመቱ ቢጫ ብናኝ እያራገፈ ልብሳችንን ከማበላሸት በቀር አንድም ጥቅም የለውም ይባል ነበር። አባቴ ምሳሩን ይዞ በየዛፉ ሥር ዞረ። ፍሬ የያዙትን እየዳበሰ አለፋቸው፤ መካኖቹን ግንዳቸውን እየላጠ ምልክት አደረገባቸው። «እናቶቹን አትንኩ፤ ዘር የሚጥሉት እነሱ ናቸው» አለ። አንድም መካን አላስቀረም። ቄሶቹ መረቁት። እኔም ኮራሁበት፤ ምን አውቄ!

አዳራሹ ተሠራ፤ በጥዶቻችን ጣሪያ ሥር ተሰብስበን ስለ ደን ልማት ተነገረን። አባቴ ግን ስብሰባውን ትቶ ደኑን በእሾህ ያጥር ነበር። ከጥዶቹ ጋር የተቆረጠው ወይራ በክረምቱ ከጉቶው አቆጠቆጠ። ጥድ እንደ ወይራ አይደለም፤ ከዘር ካልሆነ አይነሣም። የቀሩት ጥዶችም ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ ፍሬ ተሸክመው፣ በረገፈው ፍሬ መሬቱን ሸፈኑት። አባቴ በየክረምቱ እየዳኸ፣ ሣሩን እየገለጠ ቡቃያ ይፈልጋል። ሲያጣ «ፍየል ገብቶ በልቶብኝ ነው» ይልና እሾህ ይጨምራል። በአጥሩ የተነሳ ጎረቤት ሁሉ አኮረፈን።

ከዚያ ድርቁ መጣ። የአባቴ ታናሽ እህት ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በፍየሎቿ ወተት ነበር የምታሳድገው። ለምለም ነገር የቀረው በአጥራችን ውስጥ ያለው የወይራ ቅጠል ብቻ ሆነ። አንድ ጧት አክስቴ የከሱ ፍየሎቿን ነድታ መጥታ አጥሩ ሥር ተቀመጠች።

«ወንድም ዓለም፣ በሞቴ፣ ወይራውን ብቻ ይቀንጥቡልኝ። እኔው ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ቡቃያውስ?»

«የቱ ቡቃያ? እስቲ አንድ አሳየኝ!»

«ዘንድሮ ይወጣል። ላንቺ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው። የታቦቱን ደን ለፍየል አልሰጥም።»

እናቴ አልቅሳ ለመነችው፤ አልሰማም። ፍየሎቹ አንድ በአንድ አለቁ። አክስቴ ልጆቿን ይዛ ለሰፈራ ሄደች። መኪናው ላይ ልትወጣ ስትል አባቴ ስንቅ ይዞላት ቢሄድ ፊቷን አዞረችበት። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሰማ የለም። ስሟ በተነሳ ቁጥር አባቴ «ደኑ ሲመለስ ትረዳኛለች» ይል ነበር። ይህን ሲል ደሜ ይፈላ ነበር፤ ግን እኔም ደኑ እንደሚመለስ አምን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከግብርና አንድ የደን ባለሙያ የጥድ ዘር ሊለቅም መጣ። አባቴ ደስ ብሎት እየመራ አስገባው። ሰውዬው ፍሬ ለቀመና ዘሩን በድንጋይ ፈረከሰ። ውስጡ ምንም የለም። ሌላ ፈረከሰ፤ ያም ባዶ ነው። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ።

«አባት፣ ወንዶቹ ጥዶች የት አሉ?»

«የምን ወንድ?»

«ፍሬ የማያፈሩት ናቸዋ። የእነሱ ብናኝ በነፋስ ካልደረሳቸው እነዚህ የሚይዙት ፍሬ ባዶ ነው። ሌላው የጥድ ደን ይምርሐነ ክርስቶስ ነው ያለው፤ ያን ሁሉ ተራራ አልፎ ነፋስ አያመጣውም። እዚህ ቡቃያ አይወጣም።»

አባቴ የተፈረከሰውን ዘር መዳፉ ላይ አድርጎ በጣቱ አገላበጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፤

«እንግዲያ ፍየሎቹ ቢገቡ ኖሮ የሚያጠፉት ነገር አልነበረም?»

«የትኞቹ ፍየሎች?» አለ ሰውዬው።