ሁለት ሰው ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም መግደፌን ነግሬአቸዋለሁ፣ ሰው ማማቴን ነግሬአቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። እርስዎ ይህን የሚያነቡት ሰው አያውቁኝም፤ ስለዚህ ለእርስዎ ልናገር። እንዳያዝኑልኝ ግን አደራ። ማዘን ካማረዎት ለትዕግሥት ይዘኑላት።

የምሠራው ፍራንክፈርት፣ ሽቫንሃይም ሰፈር ካለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ከአልጋ ማውረድ ነው እንጀራዬ። ትዕግሥትን ወደዚያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። ልጇን ክርስትና ያነሳሁትም እኔ ነኝ። በሀያ ዓመት ያህል ብበልጣትም አበልጆች ነን፤ አበልጅ ደግሞ ሲጠራ እምቢ አይባልም። ይህን አውቅ ነበር። አውቄም ተጠቀምኩበት።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት ነው፤ ትዕግሥት ያኔ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። በደኅና ከጨረሰች ቤቱ ሦስት ዓመት አስተምሮ የሙሉ ነርስነት ወረቀት ሊያሰጣት ቃል ገብቶላት ነበር። ከስደተኞች መኖሪያ ወጥታ ቦናመስ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ካገኘች ብዙም አልቆየችም። የጀርመንኛ የሕክምና ቃላት እየጻፈች ፍሪጇ ላይ ትለጥፍ ነበር፤ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ተስፋዋ ሁሉ ያ ትምህርት ነበር።

ታዲያ በዚያ ሰሞን እኛ ፎቅ ላይ ሰው አነሰ። የታመመው ታመመ፣ የለቀቀው ለቀቀ፣ የሚተካ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት በአራት ሰው ይሠራ የነበረውን ሁለት ሆነን እንድንሠራ ተባለ። ከባድ ሰው ከአልጋ የሚያነሳ ማሽን አለን፤ ነገር ግን በደንቡ የሚያንቀሳቅሰው ሁለት ሰው ነው። ሁለታችንም አንድ ክፍል ገብተን ማሽን ከያዝን ኮሪደሩን ማን ያያል? ደወሉን ማን ይሰማል? ስለዚህ ማሽኑን ጥግ አስይዘን ለየብቻችን በጉልበታችን ማንሳት ጀመርን። ለትዕግሥት ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማሽን ጊዜ ይበላል፣ ወገብሽን ቀጥ አድርገሽ አንሺ አልኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት እናቴ ስንቴ ነግራኛለች! ምን ዋጋ አለው።

በስብሰባ ቀን ዳኑታ የምትባል ፖላንዳዊት ባልደረባችን ተነሣች። በሁለት ሰው መሥራት ለአረጋውያኑም ለእኛም አደጋ ነው፣ ሁላችንም ባንድ አፍ እምቢ እንበል አለች። የቤቱ ኃላፊ፣ አንዲት ረጋ ያለች ጀርመናዊት፣ መልስ ሳትሰጣት ወደ እኔ ዞራ ምን እንደማስብ ጠየቀችኝ። ይሉኝታ ያዘኝ ብል ደስ ባለኝ። ይሉኝታ ብቻ ግን አልነበረም። ሐበሾቹ አያማርሩም እየተባልኩ መመስገን ጥሞኝ ነበር። ሰውነቴ በሥራ እየደቀቀ እኔ በምስጋና እጠግብ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ሞኝነት አለ? «እንችላለን፣ ሁለት ሰው ይበቃል» አልኩ። ዳኑታ አንድ ጊዜ አየችኝና ተቀመጠች። ነገሩም በዚያው ቀረ።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ከእኔ ጋር የምትሠራው ሴት ታምማ ቀረች። ኃላፊዋ ደውላ ሰው ፈልጊልኝ አለችኝ። የትዕግሥት የእረፍት ቀን መሆኑን እያወቅኩ ደወልኩላት። ልጇን አልብሳ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በር ላይ ነበረች።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ፍራይ ነኝ» አለችኝ።

«በአበልጅነታችን፣ አታሳፍሪኝ» አልኳት።

መጣች። ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ነጠላዋን ከረጢት ውስጥ ጠቅልላ መጣች።

በቁርስ ሰዓት እኔ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጎርሳለሁ። ትዕግሥት ፍራው ሩፕ የሚባሉ ከባድ አሮጊት ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ልታዛውር ገብታለች። ጠራችኝ። ሰማኋት። ደግሜ እናገራለሁ፣ ሰማኋት። የማጎርሳቸው ሰው አፋቸው ሙሉ ነበር፣ ሌላ ደወልም ይጮህ ነበር፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሁለተኛ ስትጠራኝ ግን ሽማግሌው ውጠው ነበር። ያን ጊዜ መነሣት እችል ነበር። እኔ ብቻዬን ስንቱን አንስቼ የለ፣ እሷስ ብትለምደው ምናለ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ እኔ የልጇ የክርስትና እናት! ወዲያው የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ።

ሮጬ ስደርስ ሁለቱም ወለሉ ላይ ናቸው። የአሮጊቷ ዳሌ ተሰብሯል። ትዕግሥት ጭንቅላታቸውን በክንዷ ደግፋ በአማርኛ «አይዞዎት፣ አይዞዎት» ትላቸዋለች። እሳቸውም የገባቸው ይመስል እጇን ይዘዋል።

በማግስቱ ኃላፊዋ አስጠርታኝ፣ ልጅቷ ለእርዳታ ጠርታሽ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ ብል ሁለት ሰው አይበቃም ማለት ነው፤ በስብሰባ ፊት የተናገርኩት ከንቱ ሊሆን ነው። «አልጠራችኝም» አልኩ። ጥፋቱ ከሰው ማነስ ላይ ተነሥቶ እሷ ላይ ተጫነ። ደንብ ጥሳ፣ ረዳት ሳትጠራ፣ በድፍረት ብቻዋን አነሳች ተባለ። የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ አሰናበቷት። ትምህርቱም በዚያው ቀረ፤ አየር ማረፊያ ጽዳት ገባች።

እኔስ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ለክርስትና ልጄ ልደት በየዓመቱ ስጦታ ይዤ ሄድኩ። ቤቷ ገብቼ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ መረቅኩ። የበላሁት እንዴት አላነቀኝም?

ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ልጅ ብቻዋን ከባድ ሰው ስታነሳ በተገረበበው በር አየሁ። ዛሬም ሁለት ሰው ነን። ልጅቷን አስቁሜ፣ ማሽኑን ጎትቼ፣ አብሬያት አነሳሁ። ደወሉ ይጩህ አልኩ። ከዚያ ሥራ ስወጣ በቀጥታ ቦናመስ ሄድኩና ለትዕግሥት ሁሉንም ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በኋላ «እትዬ፣ መስማትዎንማ አውቃለሁ» አለችኝ። «መጣሁ ብለውኝ ነበር እኮ። ይደርሱልኛል ብዬ ነው ፍራው ሩፕን ከአልጋው ብድግ ያደረግኋቸው። ሲቆዩብኝ ክንዴ ዛለ።»

መጣሁ ብያት ነበር! ይህን ከራሴ እንኳ ደብቄ ነበር። ለዓመታት ስታስተናግደኝ ይህን እያወቀች ነው።

ይቅር በይኝ አላልኳትም። ብላት አበልጅ ናትና እምቢ ማለት አትችልም፤ እንደገና በአበልጅነት ላስገድዳት አልፈልግም። ምን እንዳደርግልሽ ትፈልጊያለሽ ብቻ አልኳት። እዚያው የዋሹበት ቦታ ሄደው እውነቱን ይናገሩልኝ አለችኝ።

በማግስቱ የቀድሞዋን ተክቶ የመጣው አዲሱ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። በሁለት ሰው ያኔም አንችልም ነበር፣ ዛሬም አንችልም፣ ነገ በስብሰባው ላይም ይህንኑ እናገራለሁ አልኩት። ትዕግሥት እንደጠራችኝ፣ መጣሁ ብዬ እንደቀረሁ፣ ከዚያም እንደዋሸሁባት ነገርኩት። እስክጨርስ ታገሰና፣ ይህ ሥራዎን ሊያሳጣዎት እንደሚችል ያውቃሉ ወይ አለኝ።

«እሷን አሳጥቷታል» አልኩት።