«አይሆንም» የተከለከለበት ዕለት

ዝናብ የመታው የበግ ለምድ ሲሸተኝ ዛሬም እግሬ አርፎ አይቀመጥም። ባለፈው ገበያ መሀል አንድ ሰውዬ ለምዱን እንደደረበ በአጠገቤ ቢያልፍ፣ ልቤ ጥሎኝ ደባርቅ ገባ፤ በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ።

ያኔ ተማሪ ነበርሁ፤ የኪነት ቡድን አባልም። ለአብዮት በዓል «አዲስ ቲያትር አዘጋጁ» ተባልን። አዲስ! እኛ የምናውቀው አንድ ቲያትር ብቻ ነበር፤ ባላባቱ ይገርፋል፣ ገበሬው ይነሳል፣ ክንድ ወደ ላይ፣ መጋረጃ። በየዓመቱ የሚለወጠው የባላባቱ ጢም ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ነው። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መቀመጥ አቅቶኝ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ። አንዱ ሐሳብ ሲያመጣ ሌላው «አይሆንም፣ ካድሬው ምን ይላል?» ይላል። የኔ ደግሞ ይብሳል፤ ሐሳቡ አፌ ሳይደርስ እኔው ራሴ አንቄ እገድለው ነበር።

ቲያትሩን የሚመሩልን የአማርኛ መምህርታችን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«እስኪመሽ ድረስ ‹አይሆንም› ያለ ሰው አዳራሹን ይጠርጋል። እብደትም ቢሆን አምጡ!»

ዘወትር ባላባት የሚሆነው ዓይናፋሩ ልጅ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«ጭላዳ ዝንጀሮ ብንሆንስ?» አለ።

ሳቅን። «አይሆንም» ልል ከንፈሬን ከፍቼ መልሼ ነከስሁት።

«ገብስ የሚሰርቅ ጭላዳ» አልሁ።

«ጠባቂውም ጭላዳ ይሁን!»

«ስብሰባ ይጥራ! እሱ ሲናገር አዝመራው ተበልቶ ይለቅ!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም፤ ሁላችንም ባንድ ጊዜ እንጮህ ነበር።

በበዓሉ ዕለት ለምድ ለብሰን፣ በአራት እግር እየዘለልን ወጣን። ከጃናሞራ የመጡ ገበሬዎች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ኧረ ይችስ የኛው ቀዬ ናት!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ፊት ወንበር የተቀመጠው ካድሬ ብቻ አልሳቀም።

ብዙም ሳይቆይ መምህርታችን ወደ ቆላ ተዛወሩ ተባለ። ሊሸኛቸው የደፈረ ጥቂት ሰው ነበር። በሚወስዳቸው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሆነው አገኘኋቸው።

«መምህር፣ በኛ ጦስ ነው?»

«ተይው እሱን። ለከርሞ ምን አሰባችሁ?»

አፌን ስከፍት መቆሚያ አጣሁ። ስለ ወፍጮ ቤት፣ ስለ ሙሽራ በቅሎ፣ ያላሰብሁትን ሁሉ ዘረገፍሁት። መኪናው ተነሳ፤ እኔም በጭቃው እየሮጥሁ መናገሬን ቀጠልሁ። እሳቸው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «እሺ! እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉኛል።

መኪናው ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ታጠፈ። የመጨረሻው ሐሳቤ ግማሹ አፌ ውስጥ ቀረ፤ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውሰውም።