በየኔታ ጣት ላይ የቀረው የወንድሜ ሥራ

ታላቅ ወንድሜ አቶ አድማሴ በኅዳር መጨረሻ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ቀንድ ሊገዙ ወደ በሽሎ ቆላ ወርደው ሲመለሱ ንዳድ ይዟቸው መጡ፤ ስድስት ቀን ተኝተው በሰባተኛው አለፉ። እኔ ለትምህርት ደብረ ታቦር ነበርሁ። መርዶውን ያደረሰልኝ ከጋይንት የመጣ የገብስ ነጋዴ ነው። የሁለት ቀኑን መንገድ ተጉዤ ቀያችን አርብ ገበያ ስደርስ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ነበር።

በልቅሶው ላይ እንድናገር ተጠይቄ ተነሣሁ። ትንሽ ቆምሁና ተመልሼ ተቀመጥሁ። ከስማዳና ከእስቴ ድረስ መጥታችሁ ከእኔ አንድ ቃል ሳትሰሙ ሄዳችሁ። ያን ቀን ያልወጣኝን አሁን በወረቀት እሞክራለሁ። ቅደም ተከተሉ ቢዛባብኝ ይቅር በሉኝ።

አባታችን ሲሞቱ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርሁም ነበር። ወንድምጋሼ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም በቀንድ ሥራ ነው። ከገበያው በላይ ካለችው ወይራ ሥር ተቀምጠው፣ ቀንዱን በእግሮቻቸው መካከል ይዘው፣ በጠርሙስ ስባሪ ሲፍቁ ያላያቸው የለም። ዋንጫ፣ ሚዶ፣ የቢላዋ እጀታ ይሠሩ ነበር። በሰፈራችን እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠላው ልብሳቸው ላይ እየፈሰሰ ስላሳፈራቸው ከሰው ጋር መቀመጥ ትተው ነበር። ወንድምጋሼ አፉ ጠበብ፣ ታቹ ሰፋ ያለ ዋንጫ ሠርተው እቤታቸው ወሰዱላቸው። «አዲስ ዓይነት ሥራ ጀምሬያለሁ፤ እስቲ ይሞክሩልኝ» አሏቸው እንጂ ስለ ሽማግሌው እጅ አንድ ነገር አላነሡም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ወደ ልቤ የሚመጣው የየኔታ ጥበቡ ጥፍር ነው።

የኔታ ጥበቡ የበገና መምህር ናቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰው ከቅዳሴ መልስ እደጃቸው ተሰብስቦ በገናቸውን ይሰማል። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት በቅሎ ሲጭኑ የግራ እጃቸው ሌባ ጣት በገመዱ ተያዘና ጥፍሩ ወለቀ። ተመልሶ የወጣው ግማሽ ነው፤ እሱም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። እሳቸው ደግሞ በገናውን የሚመቱት በግራ እጃቸው ጥፍር ነው። የሳሳው ጥፍር አውታሩን ሲነካ ይታጠፋል፤ ድምፁም እዚያው ይቀራል። አንድ ጾም ሙሉ በገናው ከግድግዳው ሳይወርድ አለፈ።

በቀጣዩ ዓመት ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የኔታ በገናውን ታቅፈው ወደ ወይራዋ መጡ። እኔም ለዕረፍት መጥቼ ስለ ነበር እዚያው ነበርሁ።

«አድማሴ፣ ይህ መቃኛ ተሰንጥቋል፤ አብጅልኝ። በገናውን ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ልሰጠው ነው። ጎደሎ አድርጌ አልሰጥም።»

ወንድምጋሼ መቃኛውን አላዩትም። «መቃኛውስ ይበጃል። ጣትዎን ያሳዩኝ» አሉ።

«ጣቴን ምን ታደርገዋለህ?»

«ጥፍር እሠራለታለሁ።»

የኔታ ሣቁ። «ዋንጫውን ጨርሰህ ሰው መሥራት ጀመርህ?»

«ጾሙ እስኪገባ ይታገሡኝ። ካልሆነ በገናውን ራሴ ተሸክሜ ዕቃ ቤት አደርሰዋለሁ» አሉ ወንድምጋሼ።

ከጥቁር በሬ ቀንድ ቀጭን ፍቅፋቂ አወጡ። በፈላ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ለዘበ፤ ያኔ በጨርቅ ይዘው በየኔታ ጣት ልክ አጎበጡት። ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ያዘ። ቆርጠው፣ ሞርደው፣ ጠርዙን አሳስተው ከግማሹ ጥፍር ላይ ሲያስቀምጡት ከጎን ላየው የተፈጥሮ ይመስል ነበር። መሥራቱ አንድ ቀን ፈጀ። ችግሩ እንዲይዝ ማድረጉ ነበር።

መጀመሪያ በሰም ሞከሩ። ጣቱ ሲሞቅ ሰሙ ለዘበና ሦስተኛው አውታር ላይ ሳይደርስ ወደቀ። ቀጥለው ስራስ አፈሉ፤ ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው፣ እንጨት ከእንጨት የሚያጣብቀው ማለቴ ነው። በማግስቱ ወለቀ። እኔ ደግሞ ከደብረ ታቦር የሱቅ ማጣበቂያ ይዤ መጥቼ ነበርና «የፈረንጁን እንሞክር» አልሁ። በኩራት ነው ያልሁት። ምሳ ሲቀርብ የኔታ ወጭቱን በግራ እጃቸው አስጠጉ፤ ጥፍሩ ከሽሮው ውስጥ ተገኘ። የኔታ በእንጀራ ጠቅልለው አውጥተው «ተማሪው፣ ይህ ያንተ ድርሻ ነው» አሉኝ።

ወሬው በገበያው ተዛመተ። «የኔታ በስተርጅና ቀንድ አበቀሉ» ተባለ። እሳቸው ሲሰሙ «በራሴ ካልበቀለ ምን ቸገረኝ» ይሉ ነበር። ጾሙ እየቀረበ ሲሄድ ግን ቀልዳቸውም አነሰ። አንድ ቀን መቃኛው ተጠግኖ እንደ ሆነ ብቻ ጠይቀው ሄዱ።

እኔ ሙጫውን ሁሉ ተራ በተራ ረገምሁ። ወንድምጋሼ ግን «ሙጫውን አትውቀስ። አልይዝ ካለ በመካከሉ የገባ ነገር አለ፤ እሱን ፈልግ» አሉኝ። ከዚያ የወደቀውን ጥፍር አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አሸተቱት። በማግስቱ በጠዋት ሳንጠራ ወደ የኔታ ቤት ወሰዱኝ።

ስንገባ የየኔታ ባለቤት ወይዘሮ አንጓች የባላቸውን ጣት ጭናቸው ላይ አድርገው ለጋ ቅቤ ያሹት ነበር።

«እትዬ አንጓች፣ ይህን በየቀኑ ያደርጋሉ?» አሉ ወንድምጋሼ።

«እንዴታ። ከተጎዱ ጀምሮ አንድም ጠዋት አላስታጎልሁ። ይችን ግማሽ ጥፍርስ ያወጣት ይኸው ቅቤ አይደል?»

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ወንድምጋሼ እግሬን ረገጡኝ።

«እውነትዎን ነው። ያለ እርስዎ እጅ ይህችም ባልወጣች» አሉ። «አሁን ቅቤው ሥራውን ጨርሷል። ለእርስዎ ግን ሌላ ሥራ አለኝ፤ ያለ እርስዎ አይሆንም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ የሚያስፈልገው ሰው ሊኖር ይችላል። ጣቱን በእንዶድ አጠቡት። አደረቁት። ቀጥለው ጥጥ በአረቄ ነከሩ።

«ጾም ሊገባ አረቄ?» አሉ የኔታ።

«ለጣትዎ ነው፤ ለጉሮሮዎ አልተፈቀደም።»

ጣቱ ሲደርቅ የግማሹን ጥፍር ጀርባና የቀንዱን ሆድ በሞረድ ጥቂት ጥቂት አሻከሩ። ስራሱን በጣም አሳስተው ቀቡ። «ሲበዛ ይንሸራተታል» ይሉ ነበር። ቀንዱን ከሥሩ ጀምረው አስቀመጡና የወይዘሮ አንጓችን አውራ ጣት ወስደው በላዩ ጫኑት።

«ሰባት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ። ሳይጨርሱ እንዳይለቁ።»

ወይዘሮ አንጓች ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙ። ሲለቁ የኔታ «ስድስት ነው ያልሽው» አሉ።

«ሰባት ነው። እርስዎ ደግሞ እንዳይነካኩት» አሉ ባለቤታቸው።

እስከ ማግስቱ ውሃ እንዳይነካው ታዘዘ፤ ከዚያም በኋላ ለምግብ ሲቀርቡ ቀኛቸውን ብቻ እንዲታጠቡ። ጾሙ የገባ ዕለት በገናው ከግድግዳው ወረደ። ሰዉ እደጃቸው ሞልቶ ነበር። የኔታ አውታሩን ሲነኩ ያ ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ ወደ ሁለት ዓመት ያልሰማነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ ወንድምጋሼ ብቻ ከአጥሩ ሥር ቆመው ጣቱን ጣቱን ያዩ ነበር። ሲያበቃ «ያዘ» አሉኝ።

ከሥር ያለው ጥፍር ሲያድግ ቀንዱን ስለሚገፋው በየሦስት ሳምንቱ እንደገና ይለጠፋል። ወንድምጋሼ አንድም ጊዜ ሳያስታጉሉ ይሄዱ ነበር። እስከ ኅዳር ድረስ።

ልቅሶው ካለፈ በኋላ የኔታ ሊጠይቁኝ መጡ። ስለ ወንድሜ ብቻ አወሩኝ። ግራ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አላወጡም። ሲነሡ አየሁት፤ ጥፍሩ የለም። ወንድምጋሼ በታመሙበት ሳምንት ወድቆ ነበር፤ እንድለጥፍላቸው ለመጠየቅ ግን አፍረው ነው።

የወንድምጋሼን የዕቃ ከረጢት ከዚያ ቀን በፊት መክፈት አልቻልሁም ነበር። ከፈትሁት። ከሞረዱ ሥር በጨርቅ የተቋጠሩ አምስት የቀንድ ጥፍሮች አገኘሁ፤ ሁሉም በየኔታ ጣት ልክ የተቆረጡ፣ ሁሉም ተሞርደው ያለቁ። ለስንት ጊዜ እንዳሰቡት አላውቅም።

ስራስ አፍልቼ ሄድሁ። ቶሎ ቶሎ ሠራሁና ለቀቅሁ። ወዲያው ወደቀ። «ሰባቱን በሦስት ጨረስኸው» አሉኝ የኔታ፤ ቁጣ አልነበረበትም። እንደገና ከእንዶዱ ጀመርሁ። አጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ አሻከርሁ፣ አሳስቼ ቀባሁ። ወይዘሮ አንጓች አውራ ጣታቸውን አኖሩ። ሦስታችንም አብረን ደገምን። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ልቅሶ መጣብኝ፤ ግን እስኪያልቅ ያዝሁት።

ወንድምጋሼ፣ በልቅሶዎ ቀን ያላልሁትን ይኸው አሁን እላለሁ። አባቴም መምህሬም እርስዎ ነበሩ። ጉድለቱ ምን እንደ ሆነ አውቀው፣ ባለ ጉድለቱን ሳያሳፍሩ ማቃናትን በዓይኔ አሳዩኝ። ትምህርቴን እንዳልተው አዝዘውኛል፤ አልተውም። በየዕረፍቱ እመጣለሁ፤ በመካከሉ የሚሆነውን መለጠፍ ወይዘሮ አንጓች ራሳቸው ተምረውታል፤ ስራሱን አሁን እሳቸው ናቸው የሚያፈሉት። አምስቱ ጥፍሮች ሲያልቁ ስድስተኛውን እኔ እሠራለሁ። እንደ እርስዎ አያምርም፤ ይይዝ እንደ ሆነ ግን አያለሁ።

በገናው ዕቃ ቤት አልገባም። በመጪው ጾም ከቅዳሴ መልስ ሰው ይሰበሰባል፤ እኔም ከአጥሩ ሥር፣ እርስዎ በቆሙበት እቆማለሁ። ነፍስዎን ፈጣሪ በቅዱሳኑ ጉባኤ ያኑርልን። ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ሄጄ የየኔታን ጣት አይቼ መጣሁ፤ ከለጠፍነው ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። ወንድምጋሼ፣ ይረፉ። ይዟል።